ለሻምበሉ ውሻ ኮሶ ያጠጣሁ ጊዜ

ሥራዬ ማዋለድ ነበር። መተማ ላይ ያልገባሁበት ቤት ጥቂት ነው። የክርስቲያኑም የእስላሙም ልጅ ወደዚህ ዓለም ሲመጣ መጀመሪያ ያየው የእኔን ፊት ነው፤ ያኔ ደግሞ ፊቴ ሕፃን የሚያስደነግጥ አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት በዚሁ እጄ ምክንያት «የውሻ አዋላጅ» የሚል ስም ስለ ወጣልኝ ነው። ስሙን ያወጡልኝ እኔው ያዋለድኋቸው ሴቶች ናቸው፤ ውለታ እንዲህ ነው የሚመለሰው።

ውሻ ነበረን። ባሌ ገና ቡችላ ሳለ ከአርማጭሆ በአቁማዳ ይዞት የመጣ፣ ቡላ፣ ግራ ጆሮውን ጅብ የነጨው ውሻ ነው። ቆንጆ ነበር ብል እዋሻለሁ። ግን በቆላ ውሻ ሳይኖረው ማሽላ የሚዘራ ሰው የሚዘራው ለከርከሮ ነው። ማሽላው እሸት ከያዘበት እስኪታጨድ ባሌ ማማው ላይ፣ ውሻው ከማማው ሥር ይከርማሉ። ባሌ ከእኔ ጋር ካወራው ከሱ ጋር ያወራው ይበልጣል። ልጅ አልነበረንም። የሰው ልጅ ስቀበል ውዬ ቤቴ ስመለስ ደጃፍ ድረስ ሮጦ የሚቀበለኝ እሱ ብቻ ነበር። እወደው ነበር። ያኔ ውሻ እወዳለሁ ብሎ የሚናገር ሰው ስላልነበረ አልተናገርኩም እንጂ እወደው ነበር።

የካምፑ አዛዥ የነበረው የጣሊያን ሻምበል ደግሞ አንዲት ሴት ውሻ ነበረችው። ነጭ፣ ጆሮዋ ቡናማ፣ ዘር ማንዘሯ በወረቀት የተጻፈ። የሻምበሉ አስተርጓሚ ከደጋ የመጣ፣ የጣሊያን ጫማ ካጠለቀ ወዲህ ሰላምታ የሚያሳጥር ሰው ነበር፤ የውሻዋ አያት ቅድመ አያቶች ስም እስከ ሰባት ቤት ተጽፎ እንደሚገኝ እሱ ነው የነገረኝ። ሰባት ቤት የሚቆጥር አማራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በዚያው ሰሞን ጣሊያን ከሀገሬው ሴት ጋር አብሮ እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ ወጥቷል ተብሎ በገበያ ተነግሮ ነበር። አዋጁንም ሰማን፤ ጠዋት ጠዋት ማን ከማን ቤት እንደሚወጣም እናይ ነበር። ሕጉ በትክክል ሲሠራ ያየሁት በዚያች ውሻ ላይ ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ውሻዋ ገመዷን በጥሳ ጠፋች። ካምፑ በሙሉ ሲፈልጋት ውሎ ያገኟት እኛ ግቢ፣ ቁርቁራው ጥላ ሥር፣ ከውሻችን አጠገብ ተኝታ ነው። በጥላው ሥር የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ገበያ ነበርኩ። ኅዳር ሲገባ የውሻዋ ሆድ ተነፋ፣ ጡቷ አጋተ። ይህን ጊዜ ሁለት አስካሪዎች፣ ለጣሊያን ያደሩ የሀገሬው ወታደሮች፣ ከአስተርጓሚው ጋር እርሻችን ድረስ መጥተው ውሻችንን ከማማው ሥር በገመድ ጎተቱት።

ባሌ ምን አጠፋ ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚውም «የዘር ነገር ነው። ቡችሎቹ ሲወለዱ ይለያል። ነጭ ከሆኑ ይለቀቃል፣ ቡላ ከሆኑ ይተኮሳል» አለው። ባሌ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም» አለና ብቻውን ማማው ላይ ወጣ። ከርከሮዎቹ ወሬውን ለመስማት ሳምንት አልፈጀባቸውም።

የእንስሳ ሐኪሙ ያለው ጎንደር ነው፤ መንገዱን አርበኞች ይዘውታል። ሻምበሉ ግን ማወቅ አለበት፦ እርግዝና ነው ወይስ በሽታ? ሆድ የሚያውቅ ሰው አምጡልኝ ቢል የተገኘሁት እኔ ነኝ። አስተርጓሚው ቤቴ ሲመጣ «የሴት ማሕፀን በምነካበት እጅ ውሻ አልዳስስም» አልኩት። እሱም በትሕትና «ውሻዎ እኮ ያለው እኛ ጋ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ነጠላዬን አደረግሁና ተከተልኩት።

ውሻዋ ከሻምበሉ አልጋ ሥር ነበረች። ምንጣፉን በጥፍሯ ቆፍራ ጎጆ አበጅታለች። በጎጆዋ መሐል የሻምበሉን አንድ ጫማ አስተኝታ ትልሰዋለች፤ ሊወስድባት የቀረበውን ሁሉ ትቆጣለች። ሻምበሉ ራሱ ነጠላ ጫማ አድርጎ ነው የተቀበለኝ። ፊቱን አይቼ ሳልወድ በግድ አዘንኩለት፤ ምጥ የያዛት ሴት ባል የሚያሳየው ፊት ነው። እጄን በአመድ አሸሁና ዳበስኳት። የውሻ ሆድ ከዚያ በፊት ነክቼ አላውቅም፤ ግን የሞላና ያልሞላ ሆድ በማንም ላይ አንድ ነው። ውስጡ ምንም የለም። ራስ የለም፣ እብጠት የለም፣ የሚንቀሳቀስ የለም። ጡቷን ጨመቅ ሳደርገው ወተት ወጣ።

ምን እንደሆነች ያን ጊዜውኑ አወቅሁ። ያወቅሁት ከሙያ አይደለም፤ ደርሶብኝ ነው። ከተጋባን በሦስተኛው ዓመት እኔም እንዲሁ ሆኜ ነበር። አበባዬ ቀረ፣ ሆዴ ተነፋ፣ ጡቴ ወተት ያዘ፣ ለስንት አራስ የቆረጥኩትን የእትብት ማሰሪያ ክር ለራሴ ፈትዬ አስቀመጥኩ። ወሩ ሲደርስ ሆዴ እንደ መጣ ሄደ። ውስጡ ምንም አልነበረም፤ ልጅ ስለተመኘሁ ብቻ ገላዬ አታለለኝ። ለሰው ሁሉ አስወረደኝ አልኩ። እውነቱን የሚያውቁት ባሌና እኔ ነን።

ይህን ለሻምበሉ ልናገር? በአስተርጓሚው አፍ፣ አስካሪዎቹ በር ላይ ቆመው? የእኔ ሙያ እኮ ሆድ ማወቅ ነው። የራሷን ሆድ ያላወቀች አዋላጅ ማን ይጠራታል? አፈርኩ። ዓይኔን ወደ ደጅ ሳዞር የውሻዋ ዓይነ ምድር ታየኝ፤ ላዩ ላይ የዱባ ፍሬ የሚመስል ነጫጭ ነገር ነበረበት። ተመስገን አልኩ። በየቀኑ ጥሬ ሥጋ ነው የሚሰጧት፤ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ደግሞ ኮሶ እንደሚያስፈልገው ሕፃንም ያውቃል። «እርግዝና የለባትም። የኮሶ ትል ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም፤ ትሉም ነበረባት። ብቻ የተጠየቅሁት ስለ ትሉ አልነበረም።

በማግስቱ ደጋ ካሉ ዘመዶቼ ከተላከልኝ ኮሶ ወቅጬ፣ በጥብጬ፣ አጥልዬ በባዶ ሆዷ አጠጣኋት። ሻምበሉ ራሱ መንጋጋዋን ይዞ እያባበለ ነው የጋትናት። ምን እንደሚላት አላውቅም፤ እኔን በዚያ ድምፅ ያናገረኝ ሰው ግን የለም። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት እንግዳ አይገባም፤ አሽከርም ኮሶ ጠጥቻለሁ ካለ ጌታው እንኳ አያዘውም። ስለዚህ በር ላይ ያለውን አስካሪ «ኮሶ ጠጥታለች፣ ሰው እንዳይገባባት» አልኩት። እሱም የጎንደር ልጅ ነውና ጠመንጃውን አግድሞ አንድ መቶ አለቃ መለሰ። ከቀትር በፊት ትሉ ወጣ። ያን የመሰለ ነገር ደጅ አይተዉትም፤ በአካፋ ይዤ ከካምፑ አጥር ውጭ ቀበርኩት። በአራተኛው ቀን ሆዷ ሟሸሸ፣ ወተቷ ደረቀ፣ ጫማውንም ትታ ተነሳች።

ለባሌ «ነገ ውሻችንን እናመጣዋለን» አልኩት። ያን ቀን ሞሰበ ወርቄን አውጥቼ ነው ያበላሁት፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ ካምፕ ስሄድ ሻምበሉ ጫማውን አጥልቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አስተርጓሚው አጠገቡ ነው። ለካ ሻምበሉ ስለ መድኃኒቱ ጠይቆት፣ አዋቂው ሰውዬ ያወቀውን ሁሉ ነግሮታል። ኮሶ ከትል በቀር ምን ያደርጋል ቢለው፣ እርጉዝ አትጠጣውም፣ ያስወርዳል ብሎታል። ይህም እውነት ነው። በዚያ ሳምንት በካምፑ ውስጥ ውሸት የተናገረ ሰው አልነበረም።

«ቡችሎቹን አስወርደሽ ውሻሽን ለማዳን ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው። አንቱ ማለቱም ቀረ።

«የወጣውን ያሳየኝ» አልኩ።

«ቀብረሽዋል። አስካሪው አይቶሻል።»

የቀበርኩት ትል ነው ብዬ ማልኩ። ሄደው ቆፈሩ፤ የቆላ አፈርና ጉንዳን አምስት ቀን ሙሉ የሚያስቀምጠው ነገር የለም። ያን ጊዜ እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ሆዷ ባዶ ነበር፣ እኔም እንዲሁ ሆኜ አውቃለሁ ማለት ብቻ ነበር። አስተርጓሚውን አየሁት። ገበያ መሐል ቆሞ ሲያወራው፣ ሴቶቹ ሲሳሳቁ ታየኝ። ዋጥኩት። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው እንዲህ ነው፤ ከኮሶው በላይ የመረረኝን እኔው ጠጣሁት። ሻምበሉም አንድ ጊዜ የያዘውን የሚለቅ ሰው አልነበረም፤ ሞኝና ወረቀት ይላሉ፣ እሱ ደግሞ ወረቀትም ነበረው።

ውሻችንን ወንዙ ዳር ተኮሱት። ባሌ ተሸክሞት መጥቶ ማማው ሥር ቀበርነው። ባሌ አላለቀሰም፤ እኔ አለቀስኩ፤ እሱም «ለውሻ ይለቀሳል?» ብሎ እያባበለኝ ዓይኑን በእጁ ጠረገ። የቀረውን ማሽላ እስኪታጨድ ቆርቆሮ እየደበደበ ጠበቀ። ከርከሮ ቆርቆሮ ለምዶ የተረፈው ምን ያህል እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሻምበሉ በዚያ አላበቃም። ዘር ለመጠበቅ ሲባል ወንድ የተባለ ውሻ ከከተማው እንዲጠፋ አዘዘ፤ አስካሪዎቹ በየግቢው እየዞሩ ጨረሱት። ለእሷ ደግሞ በቆርቆሮ የታጠረ፣ ጣሪያም ያለው ቤት ተሠራላት፤ ዘበኛ ቆመላት። እኔን ከዚያ በኋላ ለማዋለድ የጠሩኝ ጥቂት ናቸው። ውሻ ዳሰሰች ያሉም አሉ፣ ታስወርዳለች ያሉም አሉ። እውነቱን የደበቅሁት እንጀራዬን ላድን ነበር፤ እንጀራዬም ውሻዬም ሄዱ።

ግንቦት ላይ አስተርጓሚው ደጃፌ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ሻምበሉ ይፈልግዎታል» አለኝ። አንቱታው ተመልሷል።

ውሻዋ በቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ተኝታለች። ሆዷ ተነፍቷል፣ ጡቷ ወተት ይዟል፣ የጫማ ብሩሽ ታቅፋ ትልሳለች። ሻምበሉ እንደ ተቀጣ ልጅ ጥግ ላይ ቆሟል። ዘበኛው ሰው እንዳልገባ፣ ውሻም እንዳልቀረበ በመስቀል ይምላል፤ በከተማውስ የሚቀርብ ውሻ የት አለና። ዳበስኳት። እንደ ፊተኛው ባዶ ነው።

«አርግዛለች ወይ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ከማን?» አልኩ።

ተረጎመው። ሻምበሉ ዘበኛውን ተመለከተ። ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ሆዷ ቡችላ ተመኝቶ እንደሚያታልላት፣ ባለፈውም ይኸው እንደነበረ፣ እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ ሆኜ የእትብት ክር ድረስ ማዘጋጀቴን፣ ሁሉንም አስካሪዎቹ እየሰሙ ተናገርኩ። ስፈራው የኖርኩት ነገር ተናግሬ ስጨርስ ያን ያህል አልነበረም። ማንም አልሳቀም።

ሻምበሉ ያኔ ለምን አልተናገረችም ብሎ አስጠየቀኝ። «አፍሬ» አልኩ። «እሱ ተኮሰው እንጂ እኔም ገድየዋለሁ።» አስተርጓሚው ይህን ተረጎመው አልተረጎመው አላውቅም፤ ብዙ አልተናገረም።

«መድኃኒቷስ ምንድን ነው ይላል።»

«ለእኔ አልተገኘልኝም። ለእሷ ግን ወንድ ውሻ ነው» አልኩ።

ሻምበሉ ይህን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ የውሻዋን ራስ ደባበሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ያኔ ኮሶውን ስንግታት በነበረው ድምፅ፣ ወንድ ውሻ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀ። ዘር ምን ይሁን አላለም። ለአስተርጓሚው «አስቤበት እነግረዋለሁ በለው» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባሌ ማረሻውን ይሞርዳል። የሆነውን ሁሉ፣ በሰው ፊት ስለ ራሴ የተናገርኩትንም ጭምር ነገርኩት። ማረሻውን አስቀምጦ «ወንድ ውሻ ነው የፈለጉት?» አለ።

«አዎ» አልኩት።

«የት እንደቀበርነው ነገርሻቸው?» አለኝ።