የጎዳይፍ ባሕር

ትናንት የመስኮቴን መስታወት ሊቀይር የመጣው ልጅ ስቱኮውን በመዳፉ ሲያሸው፣ ያ የተልባ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ሥራውን አስቁሜ ወሬ ጀመርኩለት። ምስኪን፣ ሳልጨርስ አምልጦኝ ሄደ። አንተ ግን ተቀምጠሃልና ስማ።

አሥመራ፣ ጎዳይፍ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። የብረት በርና መስኮት በሚሠራ ኦፊቺና ብየዳ የምለማመድ፣ ጢሜ ሳይበቅል የምላጭ ጎረምሳ ነበርኩ። ከቁርጥራጭ ብረትና ከመስኮት መስታወት ሣጥን ሠራሁና መጋጠሚያውን በስቱኮ ደፈንኩት። ምጽዋ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ወዳጄ ባሕሩን በታኒካ ቀድቶ፣ ከአንድ ሸካራ ድንጋይና ከሁለት ቢጫ ዓሦች ጋር አመጣልኝ። ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም፤ የባሕር ባለቤት ግን ሆንኩ። "መንካት ክልክል ነው" ብዬም በትምህርት ቤት አማርኛዬ ጻፍኩበት፣ መንግሥት የለጠፈው እንዲመስል።

ዓሦቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ሞቱ። ከዚያ ወዲያ በበራችን የሚያልፍ ሁሉ "ውሃህ ደኅና አደረ?" ይለኝ ጀመር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በአፉ መርፌ እንጂ ቃል የማይዝ ሰው። ምንም አላለኝም። የእሱ ዝምታ ከሰው ሳቅ ይብስብኝ ነበር። በእልህ ውሃውን አልደፋም አልኩ።

አንድ ጠዋት ፀሐይ መስታወቱን ስታበራው፣ ውሃው ውስጥ ነጫጭ ነጥቦች ሲዘሉ አየሁ። ከጤፍ ያነሱ፣ እንደ ቁንጫ እመር እመር የሚሉ። ማንም አላስገባቸውም። "ወለደ! ባሕሬ ወለደ!" እያልኩ በውስጥ ልብሴ ግቢው መሀል ወጣሁ።

ቀድመው የደረሱት አደይ የምንላቸው አከራያችን ሴትዮ ነበሩ። ጎንበስ ብለው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

"ዓሶ!" አሉ፤ ወባ ማለታቸው ነው። "የቢንቢ ጫጩት ነው! ከቆላ ድረስ ዓሶ ጭነህ አመጣህብን? ዛሬውኑ ድፋው!"

ማንም አልሳቀም። ባላቸው ተሰነይ ለእርሻ ሥራ ወርደው፣ ወባ ይዘው ተመልሰው፣ እዚያው ግቢ ነበር የሞቱት። እኛ ደገኞች ደግሞ ውሃ ውስጥ የሚራወጥ ነገር ካየን ከቢንቢ ሌላ አይታየንም። እኔም ብሆን ምን እንደሆኑ አላውቃቸውማ! (ስማቸውን በቀደም የልጅ ልጄ ነገረችኝ፤ እሱንም ረሳሁት።)

ይኼኔ አባቴ ከስፌት መኪናው ተነሣ። የቤተ ክርስቲያን ነጠላውን አምጥቶ ሣጥኑን ሸፈነና ዙሪያውን በክር ጠፍሮ አሰረው።

"አደይ፣ እስከ እሑድ ይታገሡን" አላቸው። "ቢንቢ ከሆነ ክንፍ አውጥቶ ነጠላው ሥር ይገኛል። አንዲት ብትገኝ ራሴ ደፍቼ ቤቱንም እለቅልዎታለሁ።"

"ኣንታ ሰብኣይ!" ብላ እናቴ ባሏ ላይ ጮኸች።

ያን ሳምንት እንቅልፍ የት አባቱ! ጆሮዬን ነጠላው ላይ ለጥፌ ጥዝዝታ አዳምጥ ነበር። ዝንብ እንኳ ቢያልፍ ቢያገድም ብድግ እል ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ክሩን ፈታ። አደይ ነጠላውን እጥፋት በእጥፋት መረመሩ። ቢንቢ የለም። ነጥቦቹ እንደ ልማዳቸው ይዘላሉ። አባቴ በጣቱ መስታወቱን አመለከተ፤ የምስር ክክ የምታክል፣ ነጭ ኮከብ የመሰለች ፍጥረት፣ እግሮቿን ዘርግታ፣ ቀስ እያለች ትወጣለች። ከሥሯ ሌላ። ከድንጋዩ ጥግ ደግሞ ሌላ።

አደይ እንደገና ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ ለስለስ ባለ ድምፅ "በሉ ይደጉ" አሉ።

አባቴ ወደ እኔ ዞሮ "ጽቡቕ" አለና ነጠላውን አጥፎ ገባ። መልካም ነው፣ አለቀ። ከእሱ የማገኛት ሙገሳ ያቺው ብቻ ናት ብዬ ለዓመታት ኖርኩ።

ኮከቦቹ እስከ ክረምት ቆዩ። ከዚያ ውሃው ደፈረሰ፤ እኔም ሥራ ፍለጋ ከከተማው ወጣሁ። ብዙ ቆይቶ አባቴ ሲያርፍ ለቀብሩ ተመለስኩ። ለቅሶው ላይ የማላውቃቸው አንድ ሽማግሌ፣ እሱ የሰፋላቸውን ኮት ለብሰው፣ እጄን ይዘው አልለቅ አሉ።

"ልብስ በለካኝ ቁጥር ስለ አንድ ልጁ ያወራኝ ነበር። ጎዳይፍ ላይ ባሕር ስለሠራው፣ ኮከብ ስለተወለደለት። አንተ ነህ?"

"እወ፣ እኔ ነኝ" አልኩ። ለቅሶ ላይ መሆኔን ረስቼ ደረቴን ነፋሁ። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።