አራስ ቤት ሳለሁ የሄዱት አባቴ

አባቴ መምህር ተገኘ በደብረ ታቦር ከተማ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን፣ ይህን የምታነቡ ብዙዎቻችሁ በዕለቱ ሰምታችኋል። ቀብራቸው ላይ ቆማችኋል፤ ሠልስታቸውን አውጥታችኋል፤ እናቴንም አጽናንታችኋል። እኔ ልጃቸው የሰማሁት ከሰባ ቀን በኋላ ነው። ሌላው ሁሉ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ስለ እርሳቸው ለመጻፍ የተነሣሁት ከስንፍና እንዳልሆነ እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

አባቴ በጉና ግርጌ ገብስ ከሚዘራ ቤት ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ነበሩ። ልብ ወለድ ሲያነቡ ድምፃቸው ክፍሉን ይሞላዋል። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች የሚለያዩበት ገጽ ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ከኮታቸው በላይ በደረቡት ጋቢ ጫፍ ይወለውሉታል። ተማሪው እርስ በርሱ እየተያየ ይሳሳቃል። እርሳቸው ግን አይቆጡም። «ሳቁ፣ ዕድሜያችሁ ነው። ትዳር ስትይዙ ደግሞ ከእኔ ጋር ታለቅሳላችሁ» ይሉና ንባባቸውን ይቀጥላሉ።

በየዓመቱ የሚሰጡት አንድ የቤት ሥራ ነበራቸው። «በቤታችሁ ሰው ሰውን እንደሚወድ ያያችሁበትን ነገር ጻፉ። ፍቅር የሚለውን ቃል የጻፈ ግን ዜሮ ነው» ይሉ ነበር። እኔ በተማርኩበት ዓመት የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅ አብራን ነበረች። የአባቷ ዓይን እየደከመ በመሄዱ፣ እናቷ በየማለዳው ከስግደት በኋላ መርፌዎቹን ሁሉ አሰልፋ በየቀለሙ ክር ታስገባላቸው እንደነበር፣ አባቷም ይህን ለደንበኞቻቸው ሳያሳውቁ ቀኑን ሙሉ ይሰፉ እንደነበር ጻፈች። አባቴ ጽሑፏን አንብበው ሲጨርሱ «ለእናትሽ ሰላም በይልኝ» አሏት። በማግሥቱ ምንም ያልጎደለውን ኮታቸውን ይዘው እጅጌውን ሊያሳጥሩ ወደዚያ ሱቅ ሄዱ። ክረምቱን ሙሉ የእጃቸው አንጓ በብርድ እየተገረፈ ከረመ፤ እናቴም ይህን ሳታነሣባቸው ያለፈች ቀን የለችም።

እኔ በዚያን ዕለት ባዶ ወረቀት ነበር የሰጠኋቸው። ለመጽሐፍ ሰዎች የሚያለቅሱት አባቴ እኔን ስመውኝ አያውቁም። ስወድቅ «ተነሺ» ይሉኛል፤ አንደኛ ስወጣ «መብራቱን አጥፍተሽ ተኚ» ይሉኛል። ተማሪዎቻቸው መንገድ ላይ ከበዋቸው ሲሄዱ ሳይ እቀና ነበር። ይህን ዛሬ ሳልደብቅ እናገራለሁ፤ መደበቅ በቅቶኛል።

ያገባሁት ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው ገሳይ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ታቦር መጣች። በአሥረኛው ቀን ስልክ ተደወለላትና «አባትሽን ጉንፋን ጥሏቸዋል፤ የሚያበስልላቸው የለም» ብላኝ ሄደች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ራሷን በሻሽ አጥብቃ አስራ ነበር። «ብርድ ገብቶብኛል» አለችኝ። ስለ አባቴ ስጠይቃት «ደኅና ናቸው፤ ስልካቸው ወድቆ ተሰብሮ ነው» አለች። ኔትወርክ ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ በሚጠፋበት አገር፣ የአንድ ሽማግሌ ስልክ አለመሥራት ማንንም አያጠራጥርም።

በአገራችን ለአራስ መርዶ አይነገርም። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ ለሌሎች አራሶች እኔም ዋሽቻለሁ። በእኔ ላይ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም። ኋላ እንደነገሩኝ፣ ከደብረ ታቦር የሚመጡት ጠያቂዎቼ መጀመሪያ ጎረቤቴ ቤት እየገቡ ጥቁራቸውን አውልቀው ነጭ ለብሰው ነበር ወደ እኔ የሚሻገሩት። የዚያች ጎረቤቴ መደብ ሁለት ወር ሙሉ በጥቁር ልብስ ተከምሮበት ሰንብቷል። የአባቴ የሥራ ባልደረባ መምህር ሰይድ ልጄን አቅፈው ሲያይዋት እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ምነው ጋሼ ሰይድ?» ብላቸው «ጢሱ ነው ልጄ» አሉኝ። በዚያን ሰዓት ቤቱ ውስጥ እሳት አልነበረም። እኔ ግን መስኮቱን አስከፈትኩላቸው።

ልጄ አንድ ወር ሲሞላት በአባቴ ተቀየምኩ። እናቴ አጥሚት እያማሰለችልኝ ነበር። «ለመጽሐፍ ሰው ያለቅሳሉ፤ የልጅ ልጃቸውን ለማየት ግን አንድ ቀን መኪና መሳፈር አቃታቸው። ልባቸው ደንጊያ ነው» አልኳት። እናቴ ማማሰሏን ለአፍታ አቆመች። «ይመጣሉ» አለችና አጥሚቱን አቅርባልኝ ወጣች። ባሏን ከቀበረች ሦስት ሳምንት አልሞላትም ነበር። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩርፊያዬን ይዤ ስለ እርሳቸው መጠየቅ ተውኩ።

በሌላ ቀን እናቴ ደብረ ታቦር ደርሳ ዳቦ ይዛልኝ መጣች፤ የጎረቤት ተዝካር ነበር አለችኝ። ርቦኝ ነበርና ደስ ብሎኝ በላሁ። «በደንብ በስሏል፤ ትንሽ ጨምሪልኝ» አልኳት። ጨመረችልኝ። የአባቴ የአርባ ቀን ተዝካር ነበር።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ቄሱ፣ መምህር ሰይድና የባለቤቴ አጎት ተከታትለው ሲገቡ፣ ሦስቱ በአንድ ላይ በዚያ ሰዓት የሚመጡበት ሌላ ምክንያት እንደሌለ ገባኝ። «አባትሽ አርፈዋል ልጄ። ሰንብቷል» አሉኝ ቄሱ። ወደ እናቴ ዞርኩ። ሻሿን ፈታችው። ጠጉሯ ከሥሩ ተላጭቶ ገና ማቆጥቆጡ ነበር። ከዚያ በፊቴ አለቀሰች። ሁለት ወር ያህል ልጄን እሹሩሩ እያለች፣ እኔን እየመገበች፣ በቀልዴ እየሳቀች የቆየች ሴት ናት።

«ማነው እንዲህ ያዘዘው?» ብዬ ጮህኩባት።

«እርሳቸው ናቸው» አለችኝ። «ሆስፒታል ተኝተው፣ ሰማንያዋ ሳይወጣ እንዳትነግሯት ብለው አስማሉኝ። ወተቷ ይነጥፋል፤ ሕፃኗ ምን በወጣት አሉ።»

በክፍል ውስጥ እንዲህ አላስተማሩንም። አንድ ባለታሪክ ለወዳጁ አዝኖ እውነቱን ሲደብቅ መጽሐፉን ዝቅ ያደርጉና «ይህ ሰው ወድዷል፤ ግን ደግሞ ንቋል» ይሉን ነበር። ይህን ይዤ ልሟገታቸው እፈልጋለሁ፤ ከማን ጋር እንደምሟገት ግን አላውቅም። እናቴን እንዳልቆጣ ያደረገችውን አይቻለሁ። እርሳቸውን እንዳልቆጣ የሉም። ወተቴም አልነጠፈም፤ ልጄ ወፍራለች። ትክክል ነበሩ ማለት ነው፤ ይህም አያጽናናኝም።

በዚያው ቀን ደብረ ታቦር ሄድኩ። መቃብራቸው ሣር አብቅሎ ነበር። እየጮህኩ ስገባ የሰፈሩ ሰው ወጥቶ ተቀበለኝ፤ ከጎኔም ቆመ። ነገር ግን ሰው አልቅሶ ጨርሶ ነበር። ሴቶቹ ትከሻዬን ይዘው «በቃ፣ በቃ» ይሉኛል፤ ለእኔ ገና መጀመሩ ነው። ብቻዬን አልቅሼ ብቻዬን ዝም አልኩ።

አባዬ፣ ስንብቴን ለእርስዎ አደርጋለሁ። ተማሪዎችዎ በክብር ሸኝተውዎታል፤ ካህናቱ ፍትሐትዎን አድርሰዋል፤ የጎደልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ነፍስዎን ይማርልኝ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኳት አንድ ነገር ስላለ እርሱን ልንገርዎ። በወለድኩ በዘጠነኛው ቀን ደወሉልኝ። ድምፅዎ ደክሞ ነበር፤ ከኋላዎ ሰዎች ይነጋገራሉ። «መምህራን ክፍል ነኝ» አሉኝ፤ አመንኩዎ። «እስቲ ልጅቷ ስታለቅስ አሰሚኝ» አሉኝ። ተኝታለች፣ ልቀስቅሳት? አልኩዎ። «ተያት፣ ትተኛ። ሌላ ጊዜ እሰማታለሁ» አሉኝ። እኔም ሌሊቱን ሳልተኛ አድሬ ነበርና ደስ አለኝ፤ ስልኩን ቶሎ ዘጋሁት። ያሉበትን ቢነግሩኝ ኖሮ አባዬ፣ ቆንጥጬም ቢሆን አስለቅሳት ነበር።