በእንቅልፍ የተገዛ ቤት

ሰውየው የራጅ ማሽን ጠጋኝ ነው። በየከተማው ካሉት ሆስፒታሎች የአንዱ ማሽን ዝም ባለ ቁጥር መሥሪያ ቤቱ እሱን ይልካል፤ እሱም የመፍቻ ሣጥኑንና አንዲት ጥቁር ሻንጣ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሻንጣዋ ቤት ስትገባ እንኳ ሙሉ ለሙሉ ተራግፋ አታውቅም። ሚስቱ የቆሸሸውን አውጥታ የታጠበውን ትከትባትና ዚፑን ትዘጋለች፤ ሻንጣዋም በር አጠገብ እንደ ተጠራ ሰው ቆማ ትጠብቃለች። ባልደረቦቹ ይህን አይተው «ጓዙ» ብለው ሰየሙት። ስሙም ተጣብቆበት ቀረ፤ ዋናውን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሆነ።

ጓዙን እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ የወተት ጥርሱን ገና አልነቀለም፤ እሷም ብትሆን ልጅነቷን አልጠገበችም ነበር። ልብስ ሰፊ ዘንድ ገብታ ቁልፍ በመትከል ጀመረች፤ እያደር የራሷን የስፌት መኪና ያዘች፤ በዚያች መኪና ወንድሟን አበላች፣ አስተማረች፣ ዳረች። እሷ ግን ሳታገባ ቀረች። ለምን ብለው ሲጠይቋት «የሰው ሙሽራ ሳለብስ የራሴን መስፊያ ጊዜ አጣሁ» ትላለች። ሰፈሩ በሙሉ «እቴቴ» ነው የሚላት፤ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ።

ዓይኗን ሞራ ሲጋርደው መጀመሪያ ለማንም አልተነፈሰችም። ክሩ በመርፌው ቀዳዳ አልገባ ሲላት በመርፌው አላከከች፤ ቀጥላ በአምፖሉ፤ ከዚያ ደግሞ በዘንድሮ ክር። በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዋ የቀሚሷ ሁለት ጎን አልገጥም ብሎ ስትመለስባት፣ እቴቴ መኪናዋን በነጭ ጨርቅ ሸፈነችና እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ጓዙ ሴት ልጅ ሲወልድ፣ እህቱ ብርሃንን ከጥላ ከመለየት በቀር የቀራት አልነበረም። የሕፃኗን ፊት በጣቷ ዳብሳ ነው የተዋወቀቻት።

ሞራው በቀዶ ጥገና እንደሚነሣ ሐኪሞች ከነገሯት ቆይቷል። የዓይን ሆስፒታሉ ያለው ግን በትልቁ ከተማ ነው። የእሷ ሞራ ደግሞ የቆየ ስለሆነ አንዱ ዓይን ተሠርቶ እስኪያገግም ሌላው ይጠብቃል፤ እስከዚያ ከሐኪም መራቅ አይቻልም። በዚያ ከተማ ዘመድ የላቸውም። እቴቴ የምትፈራው ቢላውን አልነበረም። የምትፈራው በማታውቀው ክፍል ውስጥ፣ ውሃው በየት በኩል፣ በሩ በየት በኩል እንደሆነ ሳታውቅ፣ እንደ ዕቃ ሰው እስኪያነሣት መጠበቅን ነው። «ዓይኔ ቢሄድም ቤቴ ዓይኔ ነው» ትል ነበር። ጓዙ እየለመናት ዓመታት አለፉ።

መሥሪያ ቤቱ ከአንድ የሆቴል ድርጅት ጋር ውል ስላለው፣ ጓዙ በየሄደበት የሚያርፈው በዚያው ድርጅት ሆቴሎች ነው። አንድ ቀን ከሩቅ ከተማ ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ቁልፉን ተቀበለችውና አስቆመችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ነጥብ ምን ሊያደርጉት ነው?»

ነጥብ ስትለው የፈተና ወይም የኳስ መሰለው፤ እኔ የምን ነጥብ አለኝ አላት። ልጅቷ ታግሣ አስረዳችው። ድርጅቱ ከእሱ ለማይለይ ደንበኛ ለእያንዳንዱ አዳር ነጥብ ይይዝለታል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም በነፃ ያሳድረዋል። ከዓመታት በፊት ካርድ ሰጥተውት ኖሯል። ካርዱማ ነበረው፤ ከማሽን ላይ የደረቀ ሙጫ ይፍቅበት ነበር። ልጅቷ ኮምፒውተሯን ወደ እሱ አዞረችለት። ጓዙ ቁጥሩን አየ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና መልሶ አየ፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ከቤቱ ውጭ ያደረባቸውን ሌሊቶች እንደ ፈሰሰ ውሃ ነበር የሚያስባቸው። ልጁን ትኩሳት ይዟት እሱ ሌላ ከተማ የተኛበት፣ ጣሪያው ሲያፈስ ሚስቱ ብቻዋን ባልዲ ስትደቅን ያነጋችበት፣ እቴቴ መንገድ ስታ ግንባሯን በበር የተመታችበት፣ ሁሉም የትም የቀረ መስሎት ነበር። ለካ አንዱም አልጠፋም፤ ለካ እሱ ሲያንኮራፋ አንድ ቦታ ሆኖ የሚቆጥርለት ነበር። ልጅቷ የምትለውን መስማት ትቶ ነበር፤ «ትልቁ ከተማ ውስጥ አፓርታማም አለን» ስትል ግን ነቃ። ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ማእድ ቤት፣ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው ነው፤ የእርስዎ ነጥብ ሦስት ሳምንት ያስቀምጥዎታል አለችው። ምድጃው እዚያው ውስጥ መሆኑን ሁለቴ ጠየቃት።

ወደ ቤቱ ሲመለስ ሻንጣውን እንኳ ሳያሳርፍ እቴቴ ዘንድ ገባ።

«እቴቴ፣ ትልቁ ከተማ ቤት አግኝተናል። ሦስት ሳምንት የኛ ነው።»

«ተከራየህ?»

«አልተከራየሁም። ተኝቼ ነው ያገኘሁት።»

«ሌላው ሠርቶ ያጣል፣ የኔ ወንድም ተኝቶ ያገኛል» አለችና ሳቀች። ቆየት ብላ ግን ምድጃ እንዳለው ጠየቀች፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ማን እንደሆነም ጠየቀች። ቁልፉ በእጃችን ነው አላት። እቴቴ የጠረጴዛውን ጠርዝ በጣቷ ተከትላ ሄደች።

«እንግዲያው» አለች በመጨረሻ፣ «የምሄደው የራሴን ትራስ ይዤ ነው።»

ጓዙ ያን ሁሉ ዘመን የለመናትን እሺታ ያገኘው በዚህች ቃል ነው።

የጓዙ ልጅ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሱም የዓመት ዕረፍቱን ወሰደና አራቱም ተጓዙ። ሕንፃው ሰማይ ጠቀስ ነበር። በአሳንሰሩ ሲወጡ ጆሯቸው ድፍን አለ። እቴቴ የጓዙን ሚስት ክንድ ጥፍሯ እስኪሰምጥ ጨብጣ «ገና ነን?» ስትል፣ ሚስቱም ራሷ ዓይኗን ጨፍና «ደርሰናል፣ እቴቴ» ትላታለች። ጓዙ በሩን ከፈተ፤ አንድ እግሩን አስገባና ባለበት ቀረ። ከኋላው የነበሩት ከጀርባው ጋር ተጋጩ።

እሱ የሚያውቀው የሆቴል ክፍል አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና የጎረቤት ግድግዳ የሚያሳይ መስኮት ያለው ነው። እዚህ ግን ፊት ለፊቱ ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነው፤ ከመስታወቱ ማዶ ከተማው። ጣሪያ ከጣሪያ ተያይዞ፣ ፎቅ ከፎቅ ጀርባ ተደርድሮ፣ መኪናው በመንገዱ እንደ ተበጠሰ ዶቃ እየተንከባለለ ይሄዳል። ዳርቻ የለውም፤ ጭጋግ ውስጥ ገብቶ ነው ከዓይን የሚጠፋው።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለች እቴቴ። «ቤቱ አይሆንም አሏችሁ እንዴ?»

እንዴት ብለው ይንገሯት? በመጨረሻ ልጅቷ እጇን ይዛ «አክስቴ፣ ከተማው በሙሉ እግራችን ሥር ነው» አለቻት። እቴቴ አንድ እግሯን አነሣ አድርጋ «እንዳልረግጠው በየት ልለፍ?» አለች።

በማግስቱ ቤቱን በእጇ አጠናችው፤ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ቧንቧ፣ መሳቢያውን አንድ በአንድ እየሳበች። ነበልባል የሌለውን ምድጃ ዳብሳ ይሄ ጠረጴዛ ነው ብላ ተከራከረች፤ ውሃ ሲፈላበት ስትሰማ ግን ክርክሩን ተወችው። መስታወቱ ላይ መዳፏን አሳረፈችና «ይሄ ግድግዳ ይቀዘቅዛል» አለች። ግድግዳ ሳይሆን መስታወት እንደሆነ፣ ከማዶው ያለው ባዶ አየር እንደሆነ ሲነግሯት ወንበሯን ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሳበች። ከዚያ ወዲህ ሻይዋን የምትጠጣው ጀርባዋን ለመስታወቱ ሰጥታ ነበር።

ቀኝ ዓይኗ ተሠርቶ ፋሻው የተፈታው አንድ ጠዋት ነው። ሐኪሟ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። «እናቴ፣ ቀስ ብለው ይግለጡ፤ ምንም አያስቸኩልዎትም» አለቻት። እቴቴ ገለጠች። መጀመሪያ ነጭ ጋዋን አየች፤ ከዚያ የሐኪሟን ጉንጭ፤ ከዚያ ጥጉ ላይ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምቆ የቆመ፣ ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ ሰው። ትኩር ብላ አየችው።

«አባባን የመሰለ ሰው እዚያ ቆሟል» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እቴቴ።»

«አውቄሃለሁ» አለችው። «ፀጉርህን ግን ለማን ሰጠኸው?»

ጓዙ ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊቱ እንቢ አለው። የሰው አጥንት በሚታይበት ማሽን ዕድሜውን ፈጅቷል፤ ሰው ሰውን እንዲህ ሲያይ ግን አይቶ አያውቅም።

ሐኪሟ ከፀሐይና ከአቧራ ይጠበቁ ብላ ጥቁር መነጽር አደረገችላት። እቴቴ መነጽሩንም አላመነችው፤ ያገኘሁት ብርሃን እንዳይፈስብኝ ብላ እስከ ቤት ድረስ ዓይኗን ጨፍና ሄደች።

በሩን የከፈተችላቸው ልጅቷ ናት። እቴቴ መነጽሩን አወለቀች። ልጅቷ አንዴ በአንዱ እግሯ፣ አንዴ በሌላው እየቆመች ጠበቀች፤ እናቷም ማንኪያ እንደያዘች ከማእድ ቤቱ በር ላይ ቀረች። እቴቴ ዓይኗን መልሳ ጨፈነችና እጇን ዘረጋች። የልጅቷን ግንባር፣ ቅንድብ፣ አፍንጫና አገጭ እንደ ልማዷ ዳሰሰች። ከዚያ እጇን ሳታነሣ ዓይኗን ገለጠች።

«ጣቴ አልዋሸኝም» አለች። «እናቴን ናት ስላችሁ ኖሬያለሁ፤ ቁርጥ እናቴን ናት።» አውራ ጣቷ ከልጅቷ ጆሮ ሥር አንዲት ትንሽ ጥቁር ምልክት ላይ አረፈች። «ማርያም እዚህ ጋ እንደሳመችሽ ግን ጣቴም አልነገረኝ፣ እናንተም አልነገራችሁኝ።»

ልጅቷ አለቀሰች። እቴቴ እንባ ለዓይኗ እንደማይበጅ ስለተነገራት ወደ ጣሪያው ቀና ብላ ተነፈሰች። ጣሪያውን ያጥለቀለቀውን ብርሃን አየችና ከየት እንደመጣ ለማወቅ ዞር አለች።

ወደ መስታወቱ በአጭር በአጭሩ እየረገጠች ቀረበች፤ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ፀሐይ ከደመና ወጥታ በማዶው ያለውን መስኮት ሁሉ ባንድ ጊዜ አበራችው። ከሩቅ አንድ የግንባታ ክሬን ረጅም ክንዱን ቀስ ብሎ ያዞራል። ወፎቹ የሚበሩት ከታች ነው። እቴቴ በዘመኗ ወፍን ከበላይ ሆና አይታ አታውቅም፤ ጀርባቸውን አየች፣ ክንፋቸው ላይ ፀሐይ ሲያርፍ አየች። የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠች።

«ይሄ ሁሉ» አለች በሹክሹክታ፣ «እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ሻይ ስጠጣ እዚህ ነበር?»

«እዚሁ ነበር» አላት ጓዙ።

«ድምፁን ሳያሰማ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ዞረ። ማዶ ያለው ሰውዬ ሸሚዙን ሲተኩስ፣ ከበላዩ ያለችው ሴት አበባዋን ስታጠጣ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ ጊዜ ሲያዛጉ ታያለች። አንድ ማለዳ ጉም ከሥራቸው ገብቶ መንገዱን ሁሉ ዋጠውና የረጃጅሞቹ ፎቆች አናት ብቻ እንደ ደሴት ቀረ፤ ያን ቀን ቁርስ ቢያቀርቡላት አልነካችም። ሌላ ጠዋት ደግሞ ከመስታወቱ ጫፍ ሁለት ጫማ ወረደ፣ ቀጥሎ ጉልበት፣ ቀጥሎ በገመድ የተንጠለጠለ መስኮት ጠራጊ። ሰውየው እጁን አውለበለበላት። እቴቴ ብድግ ብላ የሻይ ብርጭቆዋን አነሣችና በምልክት ና ጠጣ አለችው። ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ መስታወቱን አሳምሮ ጠረገላትና ወደ ታች ወረደ። ውላ አድራም ስለ እሱ ማውራት አልተወችም፤ እናቱ ይህን ሥራውን ታውቅ ይሆን ትላለች።

ጓዙም የሚያየው አላጣም። ልጁ ስታነብ ከንፈሯን እንደምትነክስ፣ ሚስቱ ስታበስል ለራሷ እንደምታንጎራጉር ገና ያወቀው እዚያ ነው። ሚስቱም እሱን ታየው ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ልብሱ በማጠቢያው ውስጥ ሲዞር ሁለቱ ፊቱ ተቀምጠው ሳለ «ቤት ስትውል እንዲህ ነህ እንዴ?» አለችው። ጠይቃው አልነበረም፤ ብቻ ልብሱ ታጥቦ እስኪያልቅ አብረው ተቀመጡ።

ተራው ደርሶ የተሠራው የግራ ዓይኗ ግን እንደ ቀኙ አልቀናም። ፋሻው ሲፈታ ከጭጋግ በቀር አላየችም፤ ያማት ነበር። አንዱ ይበቃኛል፣ ስስት አያስፈልግም እያለች እነሱን ታጽናናለች። ጓዙ እንቅልፍ አጣ። ሐኪሟ ጠብታ ቀየረችላት፤ ልጅቷም ጠብታውን የመጨመሩን ሥራ ለማንም አላስነካ አለች። ቀስ በቀስ ሕመሙ ለቀቀ፤ ከዚያ ጭጋጉ ሳሳ፤ አንድ ቀን እቴቴ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ከድና ወንድሟን «ሸሚዝህ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል» አለችው።

የመመለሻቸው ቀን ሲቃረብ ታች ወርጄ መንገዱን ልርገጠው አለች። ጓዙ የከተማውን ትልቅ አደባባይ ሊያሳያት አስቦ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ወሰዳት። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ከፎቁ ላይ እንደ ጉንዳን ይታይ የነበረው ሰው አሁን በክንድ ርቀት ያልፋል። ጉንጩ የተሸበሸበ፣ ጥርሱ ፍንጭት፣ ግንባሩን የቋጠረ፣ ስልኩን እያየ ለብቻው ፈገግ የሚል። እቴቴ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣባታል። አውቶቡስ መጥቶ ሄደ፤ ሌላውም መጥቶ ሄደ።

«እቴቴ፣ አለፈን እኮ» አላት።

«ይለፍ» አለችው። «ሰው ልይበት።»

ከፊታቸው ሰልፍ የያዘች እናት ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ታቅፋዋለች። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ በኩል እቴቴን አገኛትና አፍጥጦ አያት። እቴቴም አፈጠጠችበት። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ እናቱ ይዛው እስክትገባ ድረስ ሁለቱም ዓይናቸውን አልነቀሉም።