የሺና የአማቷ ገብስ

የሺ ወልዴ መርሳ ተወልዳ በማሽላና በጤፍ አደገች። ልጅ ሳለች አንድ ክረምት ጉባ ላፍቶ ደጋ ከሚኖሩት አክስቷ ዘንድ ተላከች። ደጋ ገብስና ስንዴ ነው፤ ቂጣው ገብስ፣ በሶው ገብስ፣ ዳቦው ስንዴ። በዚያ ክረምት ሆዷ እንደ ቅል ተነፋ፤ እጅና እግሯ ግን እንደ አገዳ ቀጠነ። የበላችው አይረጋላትም። አክስቷ ጠበል አስጠመቋት፣ ኮሶ አጠጧት፤ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። አባቷ አቶ ወልዴ መጥተው በበቅሎ አፈናጠው ሲያወርዷት የልጃቸውን ሬሳ የያዙ መስሏቸው ነበር። መርሳ ገብታ የማሽላ ገንፎ መብላት ስትጀምር ግን ነፍስ ዘራች፤ መስቀል ሳይደርስ ከእኩዮቿ ጋር ትሯሯጥ ጀመር።

«የደጋ እህል አይስማማሽም፤ በቃ» አሏት አባቷ። ሌላ ምክንያት አልፈለጉም።

ሰው ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለ ዳኛ መቀመጡ ይደንቃል። ምስክር አይሰማ፣ አማላጅ አይቀበል፤ ይህን ግባ፣ ያንን ውጣ ይላል፤ ፍርዱም ይግባኝ የለውም። ከዚያ ወዲህ የሺ ስንዴም ገብስም በአፏ አልዞረም። ጠላ እንኳ ብቅል አለበት ብላ አትቀምስም።

ነገሩ የከፋው ስታገባ ነው። ባሏ ዘውዱ መርሳ ገበያ ዳር በስፌት መኪና ልብስ የሚሰፋ የወልድያ ልጅ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ብዙነሽ ደግሞ በዳቦና በጠላቸው ወልድያ ላይ ስም ያላቸው ሴት ናቸው። የእሳቸውን ዳቦ ሰው ለምኖ ይወስዳል። የሺ በመጀመሪያው ጥምቀት ለመልስ ሄዳ ዳቦውን ሳትቆርስ ስትቀር አማቷ ፊታቸውን አዞሩ። በሁለተኛው ጥምቀትም ሳትበላ ተመለሰች፤ ያን ጊዜ ሰላምታቸውንም ነሷት።

በሦስተኛው፣ በሺ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ሁለት ጥምቀት፣ የሺ የጤፍ እንጀራዋን በአገልግል ቋጥራ ከባሏ ጋር ወልድያ ወጣች። ወይዘሮ ብዙነሽ በር ላይ ቆመው አገልግሉን በዓይናቸው ለኩት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እንጀራ ነው፣ እማማ። እንዳላስቸግርዎ ብዬ ነው።»

«ስንቅ ይዘሽ መጣሽ? ዘመቻ ነው የመጣሽው?»

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ እዚያው ጌሾ እየለቀሙ ነበር፤ ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙት።

«ተያት፣ ብዙነሽ። የቆላ ሰው ዳቦ ሲያይ ድንጋይ ይመስለዋል።»

«ሆዴን ያመኛል፣ እማማ» አለች የሺ።

ወይዘሮ ሙሉ ጌሾውን ተዉና ጠጋ አሉ። ድምጻቸው ለሰለሰ። «ዛር አለብሽ እንዴ፣ ልጄ? ንገሪን፤ አታፍሪ። የእኔ እህት ዛሯ ሽሮ አያስነካትም። እሱማ ይከበራል፤ ማንም ግድ አይልሽም።»

የሺ «አዎ» ብትል ነገሩ ያልቅ ነበር። ለዛሩ ተብሎ ንጹሕ ጤፍ ይጋገራል፤ ምናልባትም ገብስማ ዶሮ ይታረድለታል። የመንፈስ አምሮት ይፈራል፤ የሴት ሆድ ግን ማንም አይፈራውም። ግን የሌለባትን እንዴት አለብኝ ትበል?

«ዛር የለብኝም። ሆዴ ነው።»

«ሆድማ ሁላችንም አለን» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፤ አገልግሉንም ከእጇ ወሰዱ።

በከተራው ማለዳ የሺ አገልግሏን ብትፈልግ አጣችው። «ለነዳያን ሰጠሁት፤ ለነፍስሽ ነው» አሏት አማቷ። «ነገ ጤፍ እጋግርልሻለሁ። ለብቻሽ፣ ንጹሕ ጤፍ። ከእንግዲህ ምን ትያለሽ?»

የሺ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ከልቧ ደስ ብሏት ነበር።

በጥምቀት ዕለት ለእሷ የተለየው እንጀራ በትንሽ ሞሰብ ቀረበላት። ዶሮ ወጥ ወጣበት። አማቷ አጠገቧ ተቀምጠው «ጨምሪ፣ ብዪ» አሏት። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልሰማችው ቃል ነውና እስክትጠግብ በላች። አማቷ ጉርሻዋን ሁሉ በዓይናቸው ሲከተሉ ፍቅር መሰላት።

ከሰዓት በኋላ ታቦቱን ሊሸኙ ወጡ። ሜዳው በነጭ ልብስ ተሸፍኖ፣ ከበሮው እየተመታ፣ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ሽቅብ ይዘው ሲጨፍሩ፣ ምድር ራሷ የምትተነፍስ ይመስል ነበር። የሺ እዚያ መካከል ቆማ አንጀቷ ሲጠመዘዝ ተሰማት። አወቀችው። የጉባ ላፍቶው ሕመም ነው። ወደ ባሕር ዛፎቹ ልትሸሽ ስትሞክር በሕዝብ ፊት አስመለሳት፤ ወደቀች።

«ቡዳ በልቷታል!» አለ አንዱ። ከዚያ ሁሉም አለ።

ተሸክመው ቤት አስገቧት። ደብተራ ሞላ ተጠሩ፤ በመድኃኒታቸው የሚታወቁ፣ ድምጻቸው የሚያስፈራ ሰው። የግራ አውራ ጣቷን ጨብጠው ያዙ። ቡዳው በዚያ ያመልጣል ይባላል። ገል ላይ አሮጌ ጨርቅና ነጭ ሽንኩርት አጭሰው ፊቷ ሥር አስጠጉት። ጎረቤቱ በግድግዳው ዙሪያ ቆሟል። ዘውዱ ጭንቅላቷን ደግፏል።

«ማን በላሽ?»

የሺን ሳል ያዛት።

«ማን በላሽ? ስሙን ጥሪ። ካልጠራሽ ጭሱ አይነሳም።»

በጭሱ መካከል አማቷን አየቻቸው። ምሰሶውን ተደግፈው ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ያን ጊዜ ሞሰቡንም፣ «ጨምሪ፣ ብዪ»ውንም ባንዴ ተረዳችው።

«ብዙነሽ» አለች። እማማ አላለችም።

 አንዲት ሴት ሕፃኗን በነጠላ ሸፍና ወጣች።

«እንግዲህ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ወጉን ያውቁታል» አሉ ደብተራ ሞላ። «ይቅረቡና እንትፍ ይበሉባት፤ ትድናለች።»

ወይዘሮ ብዙነሽ አልተንቀሳቀሱም። እንትፍ ቢሉ ቡዳ ነኝ ማለታቸው ነው። ባይሉ ሰው ይሞታል፣ ገዳይዋም እሳቸው ናቸው።

«እናቴ፣ እንትፍ በይባት» አለ ዘውዱ እያለቀሰ።

«አንተም?» አሉት። ከዚያ ዙሪያውን የቆመውን ፊት ሁሉ አዩ። «ገብስ ነው» አሉ። «ጤፉ ላይ ገብስ ቀላቅዬ ነው የጋገርኩላት። ውሸቷን ነው ብዬ፣ ሳታውቅ ብትበላው ምን እንደምትሆን ልየው ብዬ ነው። ሌላ ያደረግኩት የለም።»

«ገብስ?» አሉ ወይዘሮ ሙሉ። «ገብስ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሰው የሚጥለው? እኛ ምን በልተን አደግን?»

ከበሩ አካባቢ ሳቅ ተሰማ፤ መጥፎ ሳቅ ነበር። ደብተራ ሞላም ራሳቸውን ነቀነቁ። ወይዘሮ ብዙነሽ በመስቀል ማሉ፣ የዱቄቱን ዕቃ አምጥተው አሳዩ። ማንም አላየላቸውም።

የሺ ተልባ እየጠጣች ስትሰነብት ጠላ ሊቀምስ የሚመጣ ጠፋ። የቀረበው ዳቦ ሳይቆረስ ደረቀ። ወይዘሮ ብዙነሽ ወደ ውሃ ሲወርዱ መንገዱ ይከፈትላቸዋል፤ እናቶች የልጆቻቸውን ፊት ይሸፍናሉ።

ወደ መርሳ በሚመለሱበት ጠዋት አማቷ አጥሩ ጋ ጠበቋት። ሰላምታ አልነበረም።

«አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ፤ አንቺው አንሺልኝ። ገብስ ነው ብለሽ ንገሪያቸው።»

«ሦስት ዓመት ነገርኩ እኮ» አለች የሺ። «ለእርስዎም ነገርኩ።»

«እናቴ ናት፣ የሺ» አለ ዘውዱ በዝግታ።

ወይዘሮ ሙሉ የልጅ ልጃቸውን አዝለው በመንገዱ ያልፉ ነበር። የሺ ጠራቻቸውና ሁልጊዜ በምትናገርበት ድምጽ፣ ሳትጨምር ሳትቀንስ፣ «እማማ ቡዳ አይደሉም። ያመመኝ ገብስ ነው» አለች።

ወይዘሮ ሙሉ አንዴ እሷን፣ አንዴ አማቷን አዩ። ነጠላቸውን ስበው የሕፃኑን ፊት ሸፈኑ።

«አይዞሽ፣ ልጄ» አሉ እየራቁ። «ፈርተሽ ነው። እኛ እናውቃለን።»