ከደወሉ በኋላ የቀረው ዜና

የጸሎት ዳዊቴ ውስጥ አንድ የደብተር ቅጠል አለ። ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ከጻፍኳቸው ዐሥራ አራት መስመሮች በሕይወት የተረፉት ሦስት ናቸው። እዚህ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ከሰፈሬ ርቄ በምኖርበት ከተማ፣ ሙቀቱ የመጽሐፉን ሙጫ አላቅቆት ባለፈው ሳምንት ገጾቹ ሲበተኑ ቅጠሉም አብሮ ወደቀ። አንስቼ አነበብኩት። ይህን ያህል ዘመን አልፎም ንዴቱ አልበረደልኝም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ልጅ እያለሁ ዜና ማለት ሰባት ደቂቃ ነበር። ቂርቆስ በነበረው ትምህርት ቤታችን ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ መዝሙሩ ካለቀበት እስከ ደወሉ ድረስ ያለችው ጊዜ የሚኒ ሚዲያው ነበረች። ክፍላችን ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ያለች ጠባብ ቤት ናት። የሞቀ የአምፕሊፋየር አቧራና የእርሳስ ቅርፊት ይሸታል። ጓደኞቼ በእረፍት ሰዓት ሱዚ ሲዘሉ እኔ እዚያ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሱዚ መዝለል ሳልወድ ቀርቼ አይደለም።

የሚኒ ሚዲያው አለቃ ቲቸር ዘሪሁን ነበሩ፣ የአማርኛ መምህራችን። በወጣትነታቸው ጥቂት ጊዜ ጋዜጣ ላይ ሠርተዋል፤ ያንን ሳይነግሩን የዋሉበት ቀን አላስታውስም። ሕጋቸው ብዙ ነው። ሰው ያለ ማዕረጉ አይጠራም። «ደማቅ»፣ «ታላቅ»፣ «ውብ» የሚሉ ቃላት ወንጀል ናቸው። «ተባለ» ካልሽ ያለው ሰው ስም ይቀመጣል። አንድ ነገር ከሁለት ሰው ካልተሰማ አይጻፍም። ከሁሉም በላይ ግን ዜና ከዋናው ነገር ይጀምራል፤ ከታች ያለው፣ ጊዜ ሲያጥር፣ የሚቆረጥ ነው። «እንሽላሊት በሉት፤ ጅራቱ ቢቆረጥ አይሞትም» ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ዜናዬ ስለ ውሃው ሮቶ መሰንጠቅ ነበር። የጠዋቷ ፀሐይ ብርሃኗን በግቢያችን ላይ ስትፈነጥቅ ብዬ ጀመርኩ። ቲቸር አነበቡና ፀሐይዋን ምን አገባት አሉኝ። ሰባት ጊዜ መለሱኝ። በስድስተኛው ሮቶውን ማን እንደሰነጠቀው እንጂ እኔ ምን እንደተሰማኝ የጠየቀኝ እንደሌለ አስረዱኝ። በሰባተኛው «ማለፊያ» ብለው ሲፈርሙ ሮቶው ተጠግኖ ውሃ ይዞ ነበር። ለመጠገኑ ዜና ደግሞ ሌላ ሰባት ጊዜ፣ አልኩ በሆዴ።

ዜናውን የምታነበው ቤዛ ነበረች፤ የመስቀል ፍላወር ሰፈር ልጅ፣ ድምፅዋ እንደ ሬዲዮ ሰዎች የሚጎላ፣ ምንም የማያስጨንቃት። እኔ አንዲት ስም ተሳስቼ ሐሰት እንዳልመሰክር ስንቀጠቀጥ እሷ ማስቲካዋን እያኘከች ትታዘበኛለች። «አቦ ፍሬ፣ አታካብጂ። ዜና ነው እንጂ ቅዳሴ አይደለም» ትለኝ ነበር። ለእኔ ግን ብዙም አይለያዩም ነበር። እናቴ ያሳደገችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እያለች ነው።

በዚያ ዓመት የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ጋሽ ሁሴን ጡረታ ሊወጡ ሆነ። የወሎ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከቆባቸው በቀር ምንም የማይዛነፍባቸው። ሰልፍ ሲጀመር በሩን ይዘጋሉ፤ ያረፈደ ውጭ ይቀራል። ለእኔ ግን በሁዳዴ፣ ኪዳን አድርሼ እየሮጥኩ ስመጣ፣ የአንድ ትከሻ ያህል ከፍተው ይጠብቁኝ ነበር። የሳቸው ጾም ሲሆን ደግሞ እኔ ለእረፍት የያዝኩትን ዳቦ ከፊታቸው አልበላም ነበር። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም።

ዜና ሲነበብ ጋሽ ሁሴን ከበሩ ላይ ወደተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ፊታቸውን አዙረው ይቆማሉ። ከሺህ ተማሪ መሀል የምር የሚሰማን እሳቸው ብቻ ነበሩ ብል አላጋነንኩም። የመጨረሻ ቀናቸው አርብ መሆኑን ስሰማ፣ ስማቸው ከዚያ ድምፅ ማጉያ ሳይጠራ ከዚህ በር አይወጡም ብዬ ለራሴ ማልኩ። መማል ኃጢአት መሆኑን እያወቅሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ሠራሁት። ድንገት እንዲሆንባቸው ፈልጌ እሳቸውን ምንም አልጠየቅኩም። የሠራተኛ መዝገብ ክፍል ሄድኩ፤ ፋይላቸው ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አገለገሉ ይላል። የዳይሬክተሩን ጸሐፊ ጠየቅኩ፤ እሷም ዐሥራ ዘጠኝ አለች። ይኸው ሁለት ሰው። ቲቸርም ቀይ እስክሪብቶአቸውን አንስተው «ታታሪ» የሚለውን ሰረዙ፣ «ትሑት» የሚለውን ሰረዙ፣ ግን አሳለፉት። የአርብ የመጀመሪያ ዜና እንዲሆን ተስማሙ። ሐሙስ ወደ ቤት ስሄድ ጋሽ ሁሴንን ነገ ዜናውን ደህና አድርገው ይስሙ አልኳቸው። እኔ እንደሆንኩ አፌን ዘግቼ መያዝ ያቃተኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

አርብ ጠዋት ስደርስ ጋሽ ሁሴን ኮት ለብሰዋል። ሴት ልጃቸውን ከላንቻ አስመጥተው አጠገባቸው አቁመዋል፤ እሷም የልጅ ልጃቸውን አዝላለች። ልቤ ሞቀ። ወደ ክፍላችን ስገባ ግን ቲቸር ዘሪሁን በእጃቸው ሌላ ወረቀት ይዘዋል። ለቤተ መጻሕፍቱ ወንበር የሰጡ እንግዶች ዛሬ ሰልፉ ላይ ይገኛሉ፤ ዳይሬክተሩ የሁሉም ስም ከነማዕረጉ በመጀመሪያ እንዲነበብ ዝርዝር ልከዋል። ጋሽ ሁሴን ወደ መጨረሻ ወረዱ።

ዋናው ነገር ይቅደም አላሉም ወይ ብዬ በለሆሳስ ጠየቅኩ። ቲቸር መነጽራቸውን እየጠረጉ ይሄ ሌላ ነው፣ ፕሮቶኮል ነው አሉኝ። ስንት ወር በቀይ እስክሪብቶ የተገረፍኩበት ሕግ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ፈረሰ። በቃ። እንደዚያ ቀን በትልቅ ሰው የበገንኩበት ጊዜ የለም።

ቤዛ ማንበብ ጀመረች። ክቡር እገሌ፣ የእገሌ ክፍል ኃላፊ። ወይዘሮ እገሊት፣ የእገሌ ምክትል። ስሙ አያልቅም። ከእንግዶቹ አንዱ ሲጠሩ እጃቸውን አንስተው ለተማሪው ሰላምታ ሰጡ፤ ያኔ ሁሉም በየተራ ማንሳት ጀመሩ፤ ተማሪው ለእያንዳንዱ አጨበጨበ። እኔ በመስኮት የማየው በሩን ነው። ጋሽ ሁሴን ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ቤዛ የወንበሮቹን ቁጥር አነበበች። ገጹን ገለበጠች። ደወሉ ተደወለ።

ቤዛ እኔን አየች፤ እኔ ቲቸርን አየሁ፤ ቲቸር መሬት አዩ። እሷም በለመደችው ዜናውን ዘግታ ማይኩን አጠፋች። ተማሪው ተበተነ። ጋሽ ሁሴን ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ፊታቸው ወደ ድምፅ ማጉያው እንደዞረ ነው።

ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። ምን እንደምል አላውቅም። እሳቸው ቀድመው «ሳይሰማኝ አለፈኝ መሰል» አሉኝ። አልተነበበም አልኳቸው። ልጃቸው ወደ ሌላ ቦታ አየች። እንግዲያው እዚሁ አንብቢልኝ አሉ። እኔም እንደ ቤዛ ድምፄን አጉልቼ፣ ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመታት በጥበቃ ሥራ ያገለገሉት አቶ ሁሴን ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሱ። «ቆይ እስቲ። ዐሥራ ዘጠኝ ማን አለሽ?»

ፋይሉ ነው አልኳቸው። ጸሐፊዋም ብላለች።

«አዬ ልጄ። እኔን ነው የጻፍሽው ፋይሉን?»

ለካ ከፋይሉ በፊት ስምንት ዓመት አለ። ይህ ግቢ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበሩ፤ አጥሩን ድንጋይ በድንጋይ ያቆሙት እሳቸውና ጓደኞቻቸው ናቸው። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ፋይል የለውም። ይህን ሲነግሩኝ አልተቆጡም። እንዲያውም አብሽሪ፣ አይዞሽ አሉኝ። የተናደደችው ልጃቸው ነበረች፤ አባዬ እንሂድ፣ ፀሐዩ ሕፃኑን አቃጠለው ብላ ይዛቸው ሄደች። ፋይልና ጸሐፊ ጠይቄ፣ በየቀኑ በር የሚከፍትልኝን ሰውዬ አልጠየቅኩም። ደወሉ ባይደወል ኖሮ ደግሞ ያንን ስሕተት በሺህ ሰው ፊት አስነብበው ነበር። በማን ልናደድ? በዳይሬክተሩ፣ በቲቸር፣ በእንግዶቹ ረጅም ማዕረግ ተናድጄ ስጨርስ የቀረሁት ራሴ ነበርኩ።

ቅዳሜ ከካዛንቺስ ቤታችን እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ፣ ከዚያ በታክሲ ላንቻ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ከነደብተሬ ስታየኝ ደግሞ መጣች በሚል ዓይን አየችኝ፤ ግን አስገባችኝ። ሁሉንም ጠየቅኳቸው። ከየት መጡ፣ ስንት ሰው ነበሩ፣ ድንጋዩ ከየት ተጫነ። እንዳላስቀይማቸው እየፈራሁ፣ ለስምንቱ ዓመት ሌላ ምስክር ይኖር እንደሆነም ጠየቅኩ። ረጅም ሳቅ ሳቁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ፣ ከቧንቧው ሥር፣ አጥሩ ላይ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ስማችንን በምስማር ጽፈናል፤ ሂጂና ጠይቂው አሉኝ።

ሰኞ ከሁሉም በፊት ግቢ ገባሁ። ተንበርክኬ ቆሻሻውን በእጄ ጠረግኩ። አራት ስም አለ፤ ሦስተኛው ሁሴን ነው፣ ከነዓመተ ምሕረቱ። ሁለተኛው ምንጬ ግንብ ሆነ።

ቲቸር ዘሪሁን ወረቀቱን ሳያነቡ መለሱልኝ። የአርብ ዜና ለሰኞ አይሆንም፣ ሰውዬውም ሄደዋል አሉ። በዕድሜዬ ለመምህር መልሼ አላውቅም ነበር። «ቲቸር፣ ዜና ከዋናው ይጀምራል ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አርብ ዕለት ዋናው ማን ነበር?» አልኳቸው።

ቤዛ እንኳ ማኘኳን አቆመች። ከዚያ ቲቸር ቀዩን እስክሪብቶ አወጡና መሰረዝ ጀመሩ። «ግንብ» በሚለው ላይ የጨመርኩትን «የማይፈርስ» ሰረዙ። በጥቅስ የያዝኩትን ረጅም ንግግር ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አወረዱ። ስጽፍና ስሰርዝ ያደርኩበትን ሳይቀር ሰረዙ። በመጨረሻ ሦስት መስመር ቀረ። ያንን ለቤዛ ሰጥተው የዛሬው ዜና ይሄ ብቻ ነው አሏት።

ተነበበ። ሃያ ሰባት ዓመት ተባለ። አጥሩን ከሠሩት አንዱ ተባለ። ሲነበብ በሩን አየሁ፤ የቆመው አዲሱ ዘበኛ ነው፣ ስልኩን ይነካካል። ሰባቱ ደቂቃ በአንዲት ደቂቃ አለቀና የቀረው ጊዜ ጸጥ አለ። ለማን ነው ያስነበብኩት ስል ዋልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት አዲሱ ዘበኛ በሩ ላይ አስቆመኝ። ፍሬ የምትባል አንቺ ነሽ አለኝ። ትናንት ጋሽ ሁሴን ከአጥሩ ውጭ፣ ታክሲ መያዣው ጋ ቆመው ሰምተው ነው የሄዱት። መልእክት አላቸው። «ሁሉም ልክ ነው በላት። አንባቢዋ ግን ቸኮለች።»

ዛሬ ዜና መጻፍ እንጀራዬ ነው። ዝርዝሩ ዛሬም ከነማዕረጉ ይመጣል፤ እኔ ወደ ታች አወርደዋለሁ፤ አለቃዬ ወደ ላይ ይመልሰዋል። እንዲህ ስንገፋፋ እንውላለን። ዜናው ተጽፎ ሳያልቅ በየስልኩ ይለጠፋል፤ ልክ ይሁን አይሁን ሳይጣራ በሺህ ሰው ይጋራል። አድጌ የወጣሁበት የካዛንቺስ ሰፈር እንኳ የፈረሰ ጊዜ ወሬውን ያነበብኩት በስልክ ነው። የእናቴን ጎረቤቶች የአንዳቸውንም ስም አላገኘሁበትም። ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ፈልጌአለሁ።

ትናንት ከዚህ ርቃ በምትገኝ ቀበሌ ለዓመታት ስላዋለዱ አንዲት እናት የጻፍኩትን ከማውጣቴ በፊት ደወልኩላቸው። አለቃዬ ካርድ ለምን ታቃጥያለሽ ብሎኛል። ከአማርኛው ያልገባቸውን እያስረዳሁ ሁሉንም አነበብኩላቸው። ጨርሼ የተሳሳተ አለ ወይ አልኳቸው።  የመጀመሪያውን እንደገና በዪልኝ፣ ስሜ ያለበትን፣ አሉኝ።

እንደገና አነበብኩላቸው፤ ቀስ ብዬ።