የበቀለች ጣቶች

በቆሰበር ባምላክን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ያልተጠየቀ ዕድለኛ ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽንና አንድ ኮምፒውተር ይዞ የከተማውን ማመልከቻ የሚጽፈው እሱ ነው። የመሬት ክርክር በሉት፣ የፍቺ ጥያቄ በሉት፣ በእጁ ያላለፈ ጉዳይ የለም። መጻፍ ለማይችለው ገበሬ ደግሞ አውራ ጣቱን ይዞ ቀለም ያስነካውና ከወረቀቱ ግርጌ ያስፈርመዋል። «ባምላክ የጻፈው አይመለስም» ይሉት ነበር። እሱም ሲባልለት ደስ ይለው ነበር፤ ምን ይዋሻል።

በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ግን የገዛ እናቱን የቪዛ ቅጽ ሊሞላ ተቀምጦ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት።

ታናሽ እህቱ ቤዛዊት ስዊድን ከገባች ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሳምንት በፊት ደውላ፣ «ባምዬ፣ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የምናደርግልሽ የለም ብለውኛል። እማን አምጣልኝ። መታመሜን ግን እንዳትነግራት፣ በድንጋጤ መንገድ ላይ ትቀርብኛለች» አለችው። ማልልኝ አለችው፣ ማለላት። ስንት ጊዜ ቀርቶሽ ነው ብሎ መጠየቅ አልቻለም። ኋላ ባሏ ይሄነው ለብቻው ደውሎ፣ «እናታችሁ ለገና ከደረሰችላት ትልቅ ነገር ነው» አለው።

ስለዚህ እናቱ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጇ ናፍቃታለች፤ እሷም ሄዳ ሦስት ወር አብራት ትቀመጣለች።

እናቱ በቀለች ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ባለ መንደር ድንችና ገብስ እያመረተች የምትኖር፣ ስቃ የምትቀልድ፣ ስትናደድ ግን አማርኛውን ትታ በአዊኛ የምትጮህ ሴት ናት። ባሏ ሲሞትባት ልጆቿን ያስተማረቻቸው ቀርከሃ እየሰነጠቀች፣ ቅርጫት እየሠራች ነው። ቤዛዊት እንዲያውም ትምህርት ቤት ስትመላለስ ደብተሯን የምትይዘው ክዳን ባለው ቅርጫት ነበር። ልጆቹ «ዶሮሽን በስንት ትሸጫት?» እያሉ ቢስቁባትም ቅርጫቷን አልጣለችም።

ቅጹ «የተወለዱበት ቀን» ሲል በቀለች ሳቀች።

«በምን አውቄ! ቤዛን ስወልድ የሰባ ሰባቱ ድርቅ ገና አልመጣም ነበር። ከዚያ ወዲያ አንተው ቁጠረው።»

ባምላክ ደምሮ ቀንሶ ስልሳ ሁለት ዓመት የሚያደርጋትን ቀን ጻፈላት። «ወይኔ፣ አስረጀኸኝ!» ብላ ትከሻውን መታችው።

አዲስ አበባ ሄዳ አሻራ የምትሰጥበት ቀን ለኅዳር አምስት ተቆረጠ። በዋዜማው ሳምንት ባምላክ መንደር ቢወርድ እናቱ ደጃፍ ላይ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ አገኛት። ለቤዛዊት ክዳን ያለው ቅርጫት እየሠራች ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ስትልግና ስትፍቅ ሰንብታ ጣቶቿ የቀርከሃ ብናኝ ለብሰዋል።

«እማ፣ ተይው በናትሽ። አንቺ ሂጂላት እንጂ ቅርጫት እዚያም አይጠፋ።»

«ባዶ እጄን ነው የምሄድ? ስድስት ዓመት ያላየኋትን ልጅ?»

«ሌላ ጊዜ ትሠሪላታለሽ።»

«አንተ ደግሞ ምን እንዲህ አቻኮለህ? እሷ እንደሆነች የትም አትሄድ።»

ባምላክ ለእህቱ ምሎላታል። እናቱ አጠገብ ተቀምጦ የቀርከሃውን ልጥ አቀበላት፤ ይህ በኋላ ራሱን ይቅር ሊል ያልቻለበት ነገር ነው። እንዲያውም ክዳኑን የጨረሱት አብረው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ወረፋቸው ደርሶ በቀለች አራት ጣቷን መስታወቱ ላይ ዘረጋች። ማሽኑ አላነበበም። አሻራ የምትቀበለው ልጅ በጨርቅ ጠረገችላት፣ ቅባት ቀባችላት፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ተጭና ሞከረች። ማሽኑ ዝም አለ። ቀርከሃው የጣቷን ጫፍ ሁሉ ፍቆ አለስልሶታል።

«እናቴ፣ አሻራዎ ጠፍቷል» አለች ልጅቷ በትሕትና። «እጅዎን ከሥራ ያሳርፉትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ይመለሱ።»

በቀለች ከሕንጻው እስክትወጣ ድረስ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። «አሻራ የለሽም ትለኛለች! ታዲያ ዕድሜዬን ሙሉ የነካካሁት ሁሉ የማን ነው?»

ባምላክ አልሳቀም። በየቀኑ የገበሬ አውራ ጣት ቀለም የሚያስነካ ሰው፣ በሥራ ካለቀ ጣት ወረቀት ላይ ጭቃ የመሰለ ነገር ብቻ ሲወጣ ስንቴ ያየ ሰው፣ የእናቱን እጅ አንድ ቀን ገልብጦ አላየም። ሦስት ሳምንት! ለሌላው ሦስት ሳምንት ምንድን ነው? ለእህቱ ግን የቀራት ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

ወደ መንደር መመለስ ቀረና ቆሰበር እቤቱ አስቀመጣት። መጥረጊያ እንኳ አላስነካት። ጠዋትና ማታ እጆቿን ለብ ባለ ውሃ እያጠበ ቫዝሊን ይቀባቸዋል፣ ከዚያ የራሱን ካልሲ ያለብሳቸዋል። የእናቱን እጅ እንዲህ ይዞት አያውቅም ነበር። በመዳፏ ላይ የድሮ የቢላዋ ጠባሳዎች አሉ፤ አንደኛው እሱ ሰባተኛ ክፍል ሲገባ ዩኒፎርሙን መግዣ ቅርጫት ለመጨረስ ስትጣደፍ የተቆረጠችው ነው።

«እንደ ሙሽራ አደረግኸኝ» ትለዋለች። «ሥራ ያልለመደ እጅ ይዤ ብሄድ ቤዛ እናቴ አይደለችም ትላለች።»

ኅዳር ሃያ ስድስት ማሽኑ አሥሩንም ጣቶቿን ተቀበለ። በቀለች ሰው ሁሉ እያያት እልል አለች። ከዚያ መጠበቅ ሆነ።

ታኅሣሥ አሥር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ባምላክ የአንድ ሰውዬ የልደት ካርድ ኮፒ ሲያነሳ ይሄነው ደወለ። ቃል አልተናገረም፣ ማልቀስ ብቻ ነው። ባምላክ ስልኩን ይዞ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማሽኑ የሰውዬውን ወረቀት አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ሲያወጣ የሚያጠፋው ጠፋ።

አጎቱ ጋሼ ዓለምነው ዘንድ ሮጦ ሄደ። ሽማግሌው አልቅሰው ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠረጉና፣ «መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገርም» አሉ። «የጫግኒ ዘመዶች እስኪመጡ፣ ሰው እስኪሰበሰብላት ትቆይ። እሑድ ማለዳ እናረዳታለን። እስከዚያ እንደ ወትሮህ ሁን፤ ፊትህ እንዳያሳብቅብህ።»

«ጋሼ፣ እኔ አልችልም።»

«ትችላለህ። ብቻዋን ሰምታ እንድትወድቅ ትፈልጋለህ?»

ሐሙስ፣ የሚካኤል ዕለት፣ ፓስፖርቱ ቪዛ ተመቶበት መጣ። በቀለች ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። በሶውና ድርቆሹ በከረጢት ታሰረ፣ አዲሱ ቀሚስ ተተኮሰ። ለቤዛዊት ደውልልኝ ስትለው፣ ኔትወርክ የለም አላት። መቼ ነው የምንነሳው ስትለው፣ ሰኞ አላት። ሦስተኛውን ጥያቄዋን ግን መሸሽ አልቻለም።

«በል ያን የአውሮፕላኑን ቀበቶ ደግመህ አሳየኝ፤ ፊት የነገርከኝ ጠፍቶብኛል።»

ወንበር አመጣ። የራሱን የሱሪ ቀበቶ ፈትቶ በእናቱ ወገብ ዙሪያ አሰረው፤ እንዴት እንደሚጠብቅ፣ እንዴት እንደሚፈታ አሳያት። እሷ ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ለስላሳ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልጄን ልጠይቅ ነው የምትልበትን፣ ያስጠናትን እንግሊዝኛ ጮክ ብላ አለችለት።

«ቱ ቪዚት ማይ ዶተር። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነሽ እማ» አለና ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። ጓሮ ሄዶ እጁን ነክሶ አለቀሰ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ደጃፉን ሞላው። በቀለች ቀድማ ነቅታ ነበር። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ በሩን ስትከፍት ፊቷ በራ።

«ምነው እንዲህ ማልዳችሁ! የምሄደው እኮ ነገ ነው! ግቡ፣ ግቡ እንጂ፣ ለሽኝት መጥቶ ደጅ የሚቆም አለ?»

ወንበር ለመደርደር ወዲያ ወዲህ አለች። ለመንገድ ያሰረችውን ድርቆሽ ፈትታ በዚያው በቀርከሃው ቅርጫት አድርጋ አቀረበች። «እሷ ጋ ሳይደርስ እናንተ ጨርሱት በቃ» አለችና ሳቀች። እጁን የዘረጋ አልነበረም። ያኔ ቀና ብላ ሴቶቹን አየቻቸው። የነጠላቸው ጥለት እንደ ሐዘንተኛ ወደ አንገታቸው ተገልብጧል።

«በቀለች፣ ቁጭ በይ» አሉ ጋሼ ዓለምነው።

አልተቀመጠችም። የምታየው ባምላክን ብቻ ነበር።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«ቀበቶውን ስታስርልኝ ታውቅ ነበር?»

በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በቀለች በአዊኛ ጮኸች፤ ሴቶቹም እንዳትወድቅ ደርሰው ያዟት።

ጥሪው በቤዛዊት ስም ነበርና ጉዞው ቀረ። ሠልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ሲፈርስ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። በቀለች ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች፣ ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቶ፣ ጠራችው።

«ታማ ነበር?»

«አዎ እማ።»

«ቀርከሃውን ስሰነጥቅ፣ አንተ ልጡን ስታቀብለኝ፣ መታመሟን ታውቅ ነበር?»

«አስምላኝ ነበር። አውቅ ነበር።»

አልተቆጣችውም፤ ብትቆጣው ይሻለው ነበር። እነዚያን በቫዝሊን የለሰለሱትን እጆቿን ገልብጣ መዳፏን አየችና መልሳ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ብትነግረኝ እኮ ልጄ፣ ቅርጫቱን እተወው ነበር» አለችው።