የወሩ ፈገግታ ተሸላሚ

ሰው በረቡዕ ያገባል? ቅዳሜ ምን ሆነችና! የቦደኖች ልጅ ጃኔል ረቡዕ ልታገባ ነው ሲባል በደሴታችን ከተማ በኮክሰን ሆል ያልሳቀ አልነበረም። ፓስተሩ ራሱ "ልጄ፣ ቀኑ ተሳስቶብሽ እንዳይሆን" ብሏታል። ጃኔል ግን "እናቴ የምትገኘው ረቡዕ ነው" አለች፤ ሳቁም እዚያው ላይ ቆመ። ደሴታችን ውስጥ መርከብ አንድ ሰው ያልወሰደበት ቤት የለምና ነገሩ ወዲያው ነው የገባቸው። እናቷ ዜልማ የምትሠራበት የሽርሽር መርከብ በየሁለት ሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት በአንድ ሰዓት ይመጣል፣ በአስር ሰዓት ይሄዳል። ዘጠኝ ወር በሚፈጀው ኮንትራቷ ውስጥ ዜልማ አገሯን የምትረግጠው በዚያች መሐል ነው፤ እሱም ከፈቀዱላት።

ዜልማ ቦደን አርባ አራት ዓመቷ ነው። አስራ አንዱን ዓመት የሰው አልጋ ስታነጥፍ አሳልፋዋለች። ሲቀጥሯት "ዓለምን ታያለሽ" ብለዋት ነበር። አየችዋ! የዓለምን አንሶላ አየች። ዓለም ጠጥቶ ምን እንደሚመስል፣ ትራስ ላይ ምን እንደሚያፈስ፣ ፎጣውን የት እንደሚጥል አንድ በአንድ ታውቃለች። የምትተኛው ከባሕሩ ወለል በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከጃቫዋ ልጅ ከሱማርኒ ጋር ነው። አልጋቸው አንዱ በአንዱ ላይ ነው፤ አንዷ ልብስ ስትለብስ ሌላዋ ወይ ትተኛለች ወይ ትወጣለች። መልሕቁ ሲወርድ ግድግዳው እንዳለ ይንቀጠቀጣል። ሥራው በቀን አስር ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ነው። እሑድ የሚባል ነገር ፎቁ ላይ ላሉት መንገደኞች ነው። ላይ ያሉት አስራ ሁለት ዓይነት ጣፋጭ ቀርቦላቸው አይስክሬሙ ቀልጧል ብለው አቤት ይላሉ፤ ታች ያሉት ሩዝና ማንነቱ ያልታወቀ ዓሣ ቆመው ይጎርሳሉ።

ታች ባለው ረጅም መተላለፊያ ላይ ግን ትልቅ ሥዕል ተለጥፏል፤ "እኛ አንድ ቤተሰብ ነን!" ይላል። ኧረ ተዉን! የምን ቤተሰብ ነው እናት ልጇን ለመዳር የአለቃ ፊርማ የምትለምንበት? ደግሞ ሥዕሉ ላይ ያሉት ሰዎች መርከቡ ላይ ሠርተው አያውቁም፤ ጥርሳቸው ያስታውቃል።

አንድ ነገር አለ፣ እሱን ካላወቁ የዜልማ ጉዳይ አይገባም። መርከቡ ወደብ ላይ ቆሞም ቢሆን ከሠራተኛው ሲሶው መውረድ አይችልም። እሳት ቢነሣ፣ ውሃ ቢገባ የሚሯሯጥ ሰው መኖር አለበትና ተራ በተራ ይቀራሉ። ሕጉስ ክፋት የለውም፣ የባሕር ሕግ ነው። ተራህን ከሌላ ሰው ጋር መለዋወጥ ትችላለህ፤ ብቻ ያ ሰው የአደጋ ደወል ሲደወል አንተ የምትሠራውን የሚሠራ መሆን አለበት። ቃሬዛ የሚሸከም ከቃሬዛ ተሸካሚ፣ ጀልባ የሚያወርድ ከጀልባ አውራጅ። ሥራው መታወቂያው ላይ በቁጥር ተጽፏል።

የሠርጉ ረቡዕ የዜልማ የመቅረት ተራ ሆኖ ዐረፈው። እሷ ግን ሞኝ አይደለችም፤ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ ሱማርኒን ለመነቻት። ሁለቱም ቃሬዛ ተሸካሚዎች ነበሩ።

"እትዬ ዜልማ፣ ይሄም ልመና ሆኖ?" አለቻት ሱማርኒ። "ሂጂና ልጅሽን ዳሪ። ለኔ ኬክ ብቻ አምጪልኝ።"

"ከነሳህኑ ነው የማመጣልሽ!"

"ሳህኑን ተዪው፣ ማጠብ ሰልችቶኛል።"

ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ ዜልማም ካልተፈረመ አላምንም ብላ የልውውጡን ወረቀት ለአለቃዋ ለሚስተር ሃርምሰን ወስዳ አስፈረመች። ኮዙሜል የሚባል ወደብ ላይ ሰማያዊ ቀሚስ ገዛች። ሱማርኒ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ተደብቃ ተኮሰችላት። ሁሉ ነገር አልቆ ነበር። ያኔ ሽልማቱ መጣ።

ሚስተር ሃርምሰን የክፍል አጽጂዎችን በሙሉ ሰብስቦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "የወሩ ፈገግታ ተሸላሚ፣ ዜልማ!" አለ። ፎቶዋ ያለበት ወረቀት ሰጣት። አጨበጨቡላት። የፈገግታ ሽልማት! ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ ሆድ ሲያለቅስ እሱ ይስቃል፤ እነሱ ደግሞ ባዳውን ጠርተው ይሸልሙታል። አብሮ የሚሰጥ ነገርም ነበረው፤ ከአራተኛው ፎቅ ወደ ዘጠነኛው፣ በረንዳ ወዳላቸው የሀብታም ክፍሎች ተዛወረች። ሱማርኒ አቅፋት "ሹመት ያዳብር!" አለቻት።

ለአዲሱ ፎቅ አዲስ መታወቂያ ተሰጣት። ዜልማም ሁሉም ሠራተኛ የሚያደርገውን አደረገች፤ አንገቷ ላይ ባለው የላስቲክ ኪስ ከአሮጌው ፊት ለፊት ሰካችውና የዘጠነኛውን ፎቅ በር ይከፍት እንደሆን ሞከረች። ከፈተ። አበቃ። ከበር መክፈቱ ሌላ መታወቂያ ማን አንብቦ ያውቃል? ብታነብ ኖሮ የአደጋ ቁጥሯ መቀየሩን ታይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሬዛ ተሸካሚ አይደለችም፤ ዘጠነኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቆማ መንገደኛ የምትመራ ሆናለች። ከሱማርኒ ጋር የተፈራረመችው ወረቀት በዚያው ደቂቃ ከንቱ ሆኗል። የነገራት ሰው የለም። ማን ይንገራት? ፎቶ ሲያነሷት ነበራ።

ረቡዕ ደረሰ። ዜልማ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አሲዛ፣ ለሠራተኛ ወደተመደበው መውጫ ሄደች። ሠርጉ አራት ሰዓት ላይ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ከወደቡ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። በሩ ላይ ያለው ኔፓላዊ ጥበቃ ቲላክ ደግ ሰው ነበር።

"ኧረ ዜልማ! ዛሬስ አንቺ ነሽ እንዴ ሙሽራዋ?" አላት።

"ሙሽራዋማ ልጄ ናት። ቶሎ በል፣ ቆማ እንዳትጠብቀኝ።"

መታወቂያዋን ማሽኑ ላይ አስጠጋው። ቀይ በራና ጮኸ። በሸሚዙ ጠረገና ደገመው። ቀይ።

"ትቀሪያለሽ ይላል" አለ ቲላክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ተለዋውጫለሁ! ሱማርኒ ናት የምትቀረው። ወረቀቱም ይኸው።"

ቲላክ ወረቀቱን አየው፣ መታወቂያዋን አየው፣ እንደገና ወረቀቱን አየው። "ዜልማ፣ ይሄ የቃሬዛ ነው። አንቺ እኮ ደረጃ ነሽ።"

"ምን ደረጃ?"

ጣቱን ካርዱ ላይ አሳረፈ። ዜልማ አነበበችው። የበሩን ብረት ያዘች። መንገደኞቹ በወዲያኛው በር ኮፍያቸውን እያስተካከሉ ይወርዳሉ፤ ሙዚቃ ተከፍቶላቸዋል።

ከዚያ በኋላማ ሩጫ ነው። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸውን የስድስት ሰዎች በር አንኳኳች። ሁለቱ እንደሷው ተራቸው ነው፤ አራቱ ገና በሩ ሳይከፈት ተሰልፈው መጀመሪያ ወርደዋል። ሚስተር ሃርምሰንን ቢሮው በር ላይ አገኘችው። ነጭ ቁምጣ ለብሶ የመዋኛ መነጽሩን እጁ ላይ ጠምጥሟል።

"ጌታዬ፣ የልጄ ሠርግ ነው። አራት ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ራስዎ ፈርመውልኛል።"

"ዜልማ! ፈርሜማ ነበር። ግን ቁጥርሽ ተቀየረ።"

"የቀየሩት እርስዎ ነዎት።"

"እድገት ነው እኮ የሰጠንሽ!" ተከፋ፣ እውነት ተከፋ። "ትናንት ብትነግሪኝ አንድ ነገር አደርግ ነበር። ዛሬ ከኮምፒውተሩ ጋር ምን ላድርግ? የሦስት ሺህ ሰው ሕይወት ነው። ደግሞ አንቺ ምሳሌያችን ነሽ፤ አንቺ ሕግ ከጣስሽ ሌላው ምን ይላል?"

"ሁለት ሰዓት ብቻ። ደርሼ ልመለስ።"

"እንኳን ደስ አለሽ በይልኝ ልጅሽን" አለና ወደ መውጫው ሄደ። ማሽኑ አረንጓዴ አበራለት። ለሦስት ሺህ ሰው ሕይወት ሲባል እሱ ዓሣ ሊያይ ወረደ። ትፍ!

ዜልማ ቀሚሷን አውልቃ የሥራ ልብሷን ለበሰች። የደሴቱ የስልክ ኔትወርክ ዘጠነኛው ፎቅ በረንዳ ላይ ይሠራልና ከአንዱ መንገደኛ በረንዳ ላይ ሆና ደወለች።

"እማ፣ የት ደረስሽ? አክስቴ ዩላሊ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችሽ ነው።"

"አልመጣም ልጄ።"

"እንጠብቅሽ? ፓስተሩን እለምነዋለሁ። እስከ ስምንት ሰዓት እንቆያለን።"

"ስምንትም ብትሉ አልወርድም። አትጠብቁኝ። ሂጂ፣ ግቢ። የባልሽ የኦርቪን ቤተሰብ በፀሐይ አይቁም።"

"እማ፣ ረቡዕ ያደረግነው እኮ..."

"አውቃለሁ። አውቃለሁ እናቴ። ቀጥ ብለሽ ተራመጂ፣ አንገትሽን አትድፊ።"

ስልኩን ዘጋችና ሻወር ቤት ገብታ የሰው ፎጣ አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። ከዚያ ፎጣውን ቀየረችው። ከበረንዳው የቤተ ክርስቲያኑ ቀይ ጣሪያ ጥርት ብሎ ይታያል። አራት ሰዓት ሲሆን አጎንብሳ የገንዳ ጠርዝ ትፈትግ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዘጠነኛው ፎቅ መንገደኛ ወይዘሮ ፓትሪስ ከጉብኝቷ ተመለሰች። ፊቷ በፀሐይ ቲማቲም መስሏል። ዜልማ ትራስ እያስተካከለች ነበር።

"ዜልማ፣ የኔ ቆንጆ! ዛሬ ያየሁትን ብታዪ! አምልጦሻል!"

"ምን አዩ፣ እመቤት?"

"ሠርግ! የደሴት ሠርግ! ለአስጎብኚ አንድ ሳንቲም ሳልከፍል! ኮረብታው ላይ ስሄድ ዝማሬ ሰማሁና ሰተት ብዬ ገባሁ። ማነሽ ያለኝ የለም። እንዴት ያሉ ሰዎች መሰሉሽ!"

የዜልማ እጅ ትራሱ ላይ ቀረ። "ባለ ቀይ ጣሪያው?"

"እሱ ነው! ቤቱ ጢም ብሏል፤ የኔን ጉልበት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ከሁሉም ፊት አንድ ባዶ ወንበር አየሁ፤ ሪባን ታስሮበት፣ አበባ ተቀምጦበት። እንግዳ አክባሪዎች እኮ ናቸው አልኩና ሄጄ ተቀመጥኩ።"

"ማንም ምንም አላለዎትም?"

"ምን ይሉኛል? አንዲት አሮጊት ብቻ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።"

ዩላሊ ናት፣ ሌላ ማን ይሆናል! የኛ ሰው በይሉኝታ ይሞታል እንጂ እንግዳ ከወንበር አያስነሣም፤ ይኼ ይሉኝታችን አንድ ቀን ቤታችንንም ያስረክበናል።

"ሙሽራዋስ?" አለች ዜልማ።

"አቤት ውበት! ቀጥ ብላ ስትራመድ! ብቻ ዞር ዞር እያለች ወደኔ ታይና ታለቅሳለች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ያልተጠበቀ እንግዳ መምጣቱ ልቧን ነክቷት መሰለኝ።" ከቦርሳዋ ሪባን የታሰረበት ነጭ አበባ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። "ይኸው ወንበሩ ላይ የነበረው። ውሃ ውስጥ ታደርጊልኛለሽ?"

ዜልማ አበባውን አየችው። አልነካችውም።

"ቀርጸውታል?"

"ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ!" ስልኳን ከፍታ ሰጠቻት።

ዜልማ ስልኩን ተቀበለችና ከበረንዳው አጠገብ ያለው ለስላሳ ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ክፍል አጽጂ በመንገደኛ ወንበር ላይ ከተቀመጠች በማግስቱ ሻንጣዋን ትሸክፋለች። ወይዘሮ ፓትሪስም ይህን ሳታውቅ አልቀረችም፤ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄደ።

"ደክሞሽ ነው?"

"ልጄ ናት።"

"ማን?"

"ሙሽራዋ። የወለድኳት ልጄ ናት። የተቀመጡበት ወንበር የኔ ነው።"

ወይዘሮ ፓትሪስ አበባውን አየች፣ ዜልማን አየች፣ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "ውይ! ታዲያ ለምን አልመጣሽም?"

ዜልማ ሳቀች። የሚሸለመው ሳቅ አልነበረም።

"ፎጣዎን ማን ያጥፍ ብዬ ነዋ!"

ወገቧ ላይ ያለው መገናኛ ሬዲዮ ጮኸ፤ የሚስተር ሃርምሰን ድምፅ ነው፣ ዘጠነኛ ፎቅ ሦስት ክፍል አልተነጠፈም ይላል። ዜልማ አጠፋችው። ስልኩን ለወይዘሮ ፓትሪስ ዘረጋችላት።

"ከመጀመሪያው ያስጀምሩልኝ፤ ከምትገባበት" አለች።

ወይዘሮ ፓትሪስ እንደቆመች አስጀመረችላት።